የሕግ ማስታወቂያ ዋጋ በሕግ ይወሰን

ርዕሰ አንቀጽ

መንግሥት ዜጋውን «ይህን በጋዜጣ ሳታስነግር መብትህን አታገኝም» ብሎ ካዘዘው፣ ማስነገሪያው ስንት እንደሚያስወጣ አብሮ የመንገር ግዴታ አለበት። ይህ ለማንም ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ይመስለናል። በአገራችን ግን ማስታወቂያው እንዲወጣ የሚያዝዘው ሕግ በአንድ ወገን፣ ዋጋውን የሚቆርጠው የጋዜጣ ታሪፍ በሌላ ወገን ቆመው፣ በሁለቱ መካከል ኪሱን እየዳበሰ የሚመላለሰው ባለጉዳዩ ነው። የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን የሚመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

አስቀድመን ስለ የትኛው ማስታወቂያ እንደምንናገር እንለይ። ስለ ሳሙናና ስለ ቢራ የሚነገረውን የንግድ ማስታወቂያ ማለታችን አይደለም። ነጋዴ ሲፈልግ ያስነግራል፤ ዋጋው ካልተስማማው ይተወዋል፣ ወይም ወደ ሌላ ጋዜጣ ይሄዳል። እኛ የምንለው ሕግ ወይም ዳኛ ወይም ሹም «ይውጣ» ብሎ የሚያዝዘውን ማስታወቂያ ነው። አድራሻው የጠፋ ተከሳሽ ለችሎት በጋዜጣ ይጠራል። የሟች ወራሽ ነኝ የሚል ሰው ሲመጣ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ይነገራል። የቤት ካርታ የጠፋበት ሰው ምትክ እንዲሰጠው ሲጠይቅ መጥፋቱን አስነግር ይባላል። በዕዳ የተያዘ ቤት በሐራጅ ከመሸጡ በፊት ለሕዝብ ይታወቃል። መሥሪያ ቤት ዕቃ ሊገዛ ሲያስብ ጨረታ ያወጣል። አክሲዮን ማኅበር ባለአክሲዮኖቹን ለጉባኤ ይጠራል። በነዚህ ሁሉ ከፋዩ «አልፈልግም» ለማለት አይችልም። አልፈልግም ሊባል የማይቻል ዋጋ ደግሞ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ጠባዩ ከግብር ጋር ይቀራረባል። ግብር ያለ ሕግ እንደማይጣል ሁሉ፣ ይህም ዋጋ ያለ ሕግ ሊጣል አይገባውም።

የማሳወቅ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የመንግሥት ሥራ ነበር። አባቶቻችን አዋጅ የሚሰሙት ሕዝብ በተሰበሰበበት የገበያ ቀን፣ ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓድዋ የክተት አዋጅ ሲነገር፣ ያስነገረው ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ የሰማውም ገበሬ ለመስማቱ የከፈለው ነገር የለም። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም ከበሮው ወደ ወረቀት ተለወጠ እንጂ ስሙ አልተለወጠም። በ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ሲያቋቁም፣ በዚሁ ጋዜጣ የወጣውን ሕግ ማንኛውም የመንግሥት አካልና ማንኛውም ሰው ሊያውቀው እንደሚገባ ደንግጓል። ሕግን አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድንም የሚባለውም፣ ሕጉ በይፋ ተነግሯል ተብሎ ስለሚታመን ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ራሱ በፊት ገጹ ላይ «ያንዱ ዋጋ» ብሎ ዋጋውን አትሞ ይወጣል። ገዢው ከመግዛቱ በፊት የሚከፍለውን ያውቃል። እኛም የምንጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም፤ በሕግ የሚታዘዝ ማስታወቂያ ሁሉ እንደዚሁ ዋጋው በግልጽ ታውቆ፣ በሥልጣን ተወስኖ ይውጣ ነው የምንለው።

ይህ ለሕጋችን እንግዳ አሳብ ነው የሚል ካለ የፍርድ ቤቱን የዳኝነት ክፍያ ይመልከት። በ1945 ዓ.ም. በሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 177 የወጣው የዳኝነት ክፍያ ደንብ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት አገልግሏል። ከሳሽ የሚጠይቀው ገንዘብ ይህን ያህል ሲሆን የሚከፍለው ያን ያህል እንደሆነ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ነበር። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም አቅም የሌለው ሰው የዳኝነት ሳይከፍል በድኅነት እንዲከስ ፈቅዷል። እንግዲህ ሕግ አውጪው የፍርድ ቤት በር ለድኻ እንዳይዘጋ ማሰቡ እውነት ነው። በበሩ ከተገባ በኋላ ግን ሁለተኛ በር አለ፤ እርሱም በጋዜጣው የሂሳብ ክፍል በኩል ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የቀን ሠራተኛ እንውሰድ። ባልዋ ጥሏት ሄዷል፤ የት እንደ ገባም አይታወቅም። ለልጅዋ ቀለብ እንዲቆረጥላት ትከስሳለች፤ ድኅነቷም ታይቶ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ትሆናለች። የመጥሪያ አዳዩ «ተከሳሹን አላገኘሁትም» ብሎ ይመለሳል። ዳኛው በሕጉ መሠረት ጥሪው በጋዜጣ እንዲወጣ ያዝዛል። ዳኛው አላጠፋም፤ ሰው ሳይጠራ ሊፈረድበት አይገባምና። ሴትዮዋ ትእዛዙን ይዛ ወደ ጋዜጣው ስትሄድ ግን ነፃ የተባለው የዳኝነቱ ክፍያ ብቻ እንደሆነ ትረዳለች። ጋዜጣው ሂሳቡን ይጠይቃል። ካልከፈለች ጥሪው አይወጣም፤ ጥሪው ካልወጣ ተከሳሹ እንደ ተጠራ አይቆጠርም፤ ተከሳሹ ካልተጠራም ነገሩ አይሰማም። «ወጪሽን የሚረታው ወገን ይተካልሻል» ሊባል ይችላል፤ ሕጉም ይህን ይፈቅዳል። ነገር ግን በአገር የታጣ ሰው ከየት ተይዞ ኪሣራ ይከፍላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ለማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት ሰጥቷል። ይህ መብት ለዚች ሴት በጋዜጣ ዓምድ ስፋት እየተለካ ሊታደል አይገባውም።

በሌላም በኩል ክፍያው የሚቆጠረው በቦታው ስፋት በመሆኑ፣ ከፋዩ ቦታ ለመቆጠብ ይገደዳል። ስሙ ይታጠራል፤ የቤቱ አቀማመጥና የክሱ ምክንያት ይቆረጣሉ፤ ፊደሉ እየደቀቀ ይሄዳል። በመጨረሻ ሕጉ በወረቀት ላይ ተፈጽሟል፤ የታሰበው ሰው ግን አላነበበውም። ይህን ችግር ሌሎችም አገሮች ያውቁታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 በሚታወቀው የሙላኔ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ በጋዜጣ ኋለኛ ገጽ በደቃቅ ፊደል የወጣ ማስታወቂያ ለባለጉዳዩ ዓይን የሚደርሰው በአጋጣሚ መሆኑን ገልጾ፣ አድራሻቸው ለሚታወቅ ሰዎች እንዲህ ያለው ጥሪ በቂ አይደለም ብሏል። ማስታወቂያ የሚወጣው እንዲታወቅ ነው። ዋጋው ከማሳወቅ የሚያግድ ከሆነ መሣሪያው ዓላማውን አጠፋ ማለት ነው።

የሐራጁም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ሐራጁን ብዙ ሰው ካወቀው ብዙ ተጫራች ይመጣል፤ ብዙ ተጫራች ከመጣም ቤቱ በደኅና ዋጋ ይሸጣል፤ ባለዕዳውም ዕዳውን ከፍሎ ትራፊ ሊቀርለት ይችላል። ጥቂት ሰው ብቻ ካወቀው ዕድሜ ልክ የተለፋበት ቤት በርካሽ ይሄዳል። የማስታወቂያው ወጪ ደግሞ ዞሮ ዞሮ በባለዕዳው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዋጋው ከልክ ያለፈ ማስታወቂያም ጉዳቱ በእርሱ ላይ ነው፤ ማንም የማያነበው ርካሽ ማስታወቂያም ጉዳቱ በእርሱ ላይ ነው።

መንግሥት ራሱ ከፋይ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የሚወጣው የሕዝብ ገንዘብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ግልጽ ጨረታ በጋዜጣ እንዲወጣ አዝዞ ነበር። ግዥው በአደባባይ መሆኑ ለሌባ የማይመች ነውና ደግ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ጥቂት ወንበርና ጠረጴዛ የሚገዛ ትንሽ መሥሪያ ቤትና የብዙ ሚሊዮን ብር መንገድ የሚያሠራ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለአንድ ዓምድ እኩል ሲከፍሉ፣ በትንሹ ላይ ማስታወቂያው ከወንበሩ ጋር የሚፎካከር ወጪ ይሆንበታል። ያን ጊዜ የሚመጣው ፈተና ጨረታውን መሸሽ ነው። ግልጽነት ውድ ሲሆን ስውርነት ይረክሳል።

አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም የመንግሥት ጋዜጣ ነው፤ የፍርድ ቤት ጥሪም ብዙ ጊዜ የሚወጣው በእርሱ ነው። እንግዲህ መንግሥት በቀኝ እጁ «አስነግር» ብሎ ያዝዛል፣ በግራ እጁ የማስነገሪያውን ገንዘብ ይቀበላል። ይህን ስንል የጋዜጣውን ሠራተኞች ለመውቀስ አይደለም። ወረቀት ከውጭ እንደሚመጣ፣ ቀለምና የማተሚያ ዋጋም ከዓመት ወደ ዓመት እንደሚወደድ ይችን ትንሽ ጋዜጣችንን በስቴንስል እያባዛን የምናወጣ እኛ አናጣውም። የምንለው፣ አዛዡም ተቀባዩም አንድ በሆነበት ቦታ ከፋዩን የሚጠብቅ ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል ነው። ያም ሕግ ነው።

ዋጋን በሕግ መወሰን የኛ ፈጠራ አይደለም። ሌሎች ሞክረውት ጥቅሙንም ጉዳቱንም አይተዋል። የአሜሪካ የመጀመሪያው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1789 ሕጎች ቢያንስ በሦስት ጋዜጦች እንዲወጡ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1819 ደግሞ ለምክር ቤቱ የኅትመት ሥራ የሚከፈለውን ዋጋ በውሳኔ ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ማተሚያ መኪናው እየተሻሻለ የሥራው ወጪ ሲቀንስ፣ የተቆረጠው ዋጋ ግን ባለበት ቆየ። ትርፉ ለየፓርቲው ጋዜጣ ባለቤቶች ሲሳይ ሆነ። ከብዙ ክርክር በኋላ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1861 የራሱን ማተሚያ ቤት ሥራ አስጀመረ። ከዚህ የምንማረው፣ በሕግ የተወሰነ ዋጋ በየጊዜው ካልተመረመረ እርሱም ራሱ መዝረፊያ እንደሚሆን ነው።

በፍሎሪዳ ግዛት ሕጉ ዋጋውን እስከ ሳንቲሙ ድረስ ጽፎታል። ማስታወቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ በካሬ ኢንች 70 ሳንቲም፣ ሲደገም 40 ሳንቲም ይላል። ምስኪኑም ባለጠጋውም ከመሄዱ በፊት የሚከፍለውን ያሰላል። በሕንድ ደግሞ መንግሥት ለጋዜጦች የሚከፍለውን በካሬ ሳንቲ ሜትር ቆርጦ፣ ዋጋውን ከጋዜጣው ሥርጭት ጋር አያይዞታል። የወረቀትና የማተሚያ ወጪ ሲጨምርም አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ ይመረምራል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ በዚህ መንገድ ዋጋው 25 በመቶ ከፍ ብሏል። ዋጋው ከሥርጭት ጋር ሲያያዝ ሥርጭትን አጋንኖ የመናገር ፈተና ይመጣልና፣ ቆጣሪው የታመነ መሆን አለበት።

የአርጀንቲናም ትምህርት ሊረሳ አይገባውም። የኔውኬን ክፍለ ሀገር አስተዳደር ስለ ጉቦ የሚናገር ዜና ባወጣው ሪዮ ኔግሮ በተባለው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ መስጠቱን አቋረጠ። ጋዜጣውም ከሰሰ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ለጋዜጣው ፈረደ። እንግዲህ የመንግሥት ማስታወቂያ ዋጋና ድልድል በሹም ፈቃድ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ለሚያወድስ ጉርሻ፣ ለሚተች አለንጋ ሊሆን ይችላል። በሕግ የተጻፈ ታሪፍ ባለጉዳዩን ብቻ ሳይሆን ጋዜጠኛውንም ይጠብቀዋል።

አሁን በአሳባችን ላይ የሚነሡትን ሁለት ተቃውሞዎች እንመልከት።

የመጀመሪያው «ዋጋ ከተወሰነ ጋዜጦች ይከስራሉ» የሚል ነው። እኛ ግን ከወጪያቸው በታች ይሥሩ አላልንም። የሚወሰነው ዋጋ ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ የሠራተኛውን ደመወዝና የማከፋፈያውን ወጪ ሸፍኖ መጠነኛ ትርፍ የሚያስቀር ይሁን። የጋዜጣው ህልውና የታሰበ ከሆነ መንግሥት በበጀት በግልጽ ይርዳው። ጋዜጣን የማኖር ሸክም ቀለብ በምትጠይቅ እናት ጫንቃ ላይ የሚወድቅበት ምክንያት አይታየንም።

ሁለተኛው «ሁሉንም በኢንተርኔት ብናወጣው ወጪው ይቀራል» የሚል ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመንግሥት ግዥ በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መካሄድ መጀመሩ መልካም ነው። ፍሎሪዳም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት አካላት ወጪያቸው የሚቀንስ ከሆነ ማስታወቂያቸውን በአውራጃው ድረ ገጽ እንዲያወጡ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ፈቅዳለች። እኛም አንቃወምም። ነገር ግን ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ ጥሪው የሚመለከተው ገበሬና የቀን ሠራተኛ ብዙው ኢንተርኔት በእጁ የለም። ሁለተኛ፣ የታተመ ጋዜጣ በወጣበት ቀን ወጥቶ በብዙ እጅ ይቀመጣል፤ ማንም ተመልሶ ሊያርመው አይችልም። በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የወጣው ግን በዚያው በመሥሪያ ቤቱ እጅ ነው፤ መቼ እንደ ወጣና መቼ እንደ ተነሣ የሚመሰክር ሌላ ወገን ያስፈልጋል። ስለዚህ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጨመር እንጂ አሮጌውን በአንድ ቀን አያፈናቅል።

ከዚህ በላይ የተናገርነው ትችት ሆኖ ብቻ እንዳይቀር አሳባችንን በዝርዝር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በሕግ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚወጣ ማስታወቂያ ሁሉ ከንግድ ማስታወቂያ ተለይቶ የራሱ ታሪፍ ይኑረው። ታሪፉም እንደ ዳኝነት ክፍያ በደንብ ተወስኖ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተም፤ በየፍርድ ቤቱ ሬጅስትራርና በየክፍለ ከተማው በር ላይ ይለጠፍ።

ሁለተኛ፤ ታሪፉ ከወጪ ጋር የተያያዘ ይሁን። በተወሰነ ጊዜ፣ የጋዜጦች፣ የፍርድ ቤቶችና የባለጉዳዮች ወኪሎች ባሉበት ይመርመር። በአንድ ሹም ደብዳቤ ከፍና ዝቅ አይበል። መንግሥትም ለተመሳሳይ ቦታ ከማንኛውም የግል ደንበኛ አብልጦ አይከፍል።

ሦስተኛ፤ በድኅነት እንዲከስ የተፈቀደለት ሰው ከማስታወቂያው ክፍያም ነፃ ይሁን። ይህን ወጪ ፍርድ ቤቱ በበጀቱ ይሸፍን፤ ረቺው ከተከፈለው በኋላም ከተረቺው ያስመልስ።

አራተኛ፤ ለየማስታወቂያው ዓይነት አጭርና ግልጽ የሆነ ቅጽ ይዘጋጅ። ስም እስከ አያት፣ የነገሩ ዓይነት፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ችሎቱ ይበቃል። ቃል በበዛ ቁጥር ሂሳቡ ይበዛል፤ አንባቢውም ይጠፋል።

አምስተኛ፤ ጥሪው በጋዜጣ ብቻ ሳይቀር በቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ተጠሪው በሚኖርበት አካባቢ ቋንቋ በራዲዮ ይነገር። ለጋዜጣ ጥሪ የሚታዘዘውም ተከሳሹ በሌላ መንገድ በእውነት ታጥቶ እንደሆነ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በዓመቱ ለማስታወቂያ ያወጣውን ገንዘብ፣ ለየትኛው ጋዜጣ በስንት ዋጋ እንደ ከፈለ ጨምሮ ለሕዝብ ያስታውቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ ይከናወን ብሏልና፣ ይህ ችሮታ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ይህ ጉዳይ ለተማሪ ምኑ ነው የሚሉን ይኖራሉ። ለዚህ ኑሮ እንግዶች አይደለንም። አብዛኞቻችን የመጣነው መጥሪያ ሲደርስ ጎረቤት ከሚጠራበት፣ ጋዜጣም የሚገኘው ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሆነበት ቤት ነው። ነገ ከመካከላችን አንዱ ዳኛ ሆኖ «ጥሪው በጋዜጣ ይውጣ» የሚል ትእዛዝ ይፈርማል፤ አንዱ የጋዜጣው ሂሳብ ሹም ሆኖ ደረሰኙን ይቆርጣል፤ ሌላውም የግዥ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ጨረታ ያወጣል። ያን ጊዜ የሚያደርጉትን ለማወቅ ጉዳዩን ዛሬ ማጥናት ይበጃል።

ስለዚህ የሕግ ተማሪዎች ለደንቡ ረቂቅ እንዲያዘጋጁ፣ የሂሳብና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የአንድ ዓምድ ሳንቲ ሜትር እውነተኛ ወጪ ስንት እንደሆነ መርምረው እንዲያስሉ፣ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም እነዚህን ማስታወቂያዎች ማን እንደሚያነብ በየሠፈሩ ወጥተው እንዲጠይቁ እናሳስባለን። የሚገኘውን ሁሉ በዚህችው ጋዜጣ ለማውጣት ዝግጁ ነን። ማኅበራችንም ውጤቱን ይዞ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለፍትሕ ሚኒስቴር በጽሑፍ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።

ባለሥልጣኖቹም ነገሩ ትንሽ መስሏቸው ችላ እንዳይሉት አደራ እንላለን። ለአንዲት ገጽ ማስታወቂያ የሚከፈለው ገንዘብ ለመሥሪያ ቤት በጀት ምንም ላይሆን ይችላል። ለአንዳንዱ ባለጉዳይ ግን በችሎት ፊት መቆምና አለመቆም በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።